ዋርካችንን በገዛ እጃችን እንሥራው

እንደሚታወሰው፣ ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ በመረዳጃ ማኅበራችን አዳራሽ ደጃፍ ላይ በሴራሚክ የተለበጠ የዋርካ ቅርጽ ይቁም የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ አከራክሯል። ከፊሉ ሰው «ተሠርቶ ያለቀ እንግዛ» አለ። ከፊሉ ደግሞ «ድንኳኑ ተቀዶ፣ ሳህኑ ጎድሎ ምን ጌጥ አማረን?» ሲል ተቃወመ። እውነት አላቸው፤ ለቅሶ የሚደረሰው በድንኳን እንጂ በጌጥ አይደለም። ስለዚህ እኛ የምንለው፣ የማኅበሩ ገንዘብ አይነካ፤ ቅርጹን ግን ራሳችን እንሥራው ነው።

ይህ ቅዠት አይደለም። በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ዋትስ በተባለው ሰፈር፣ ሳይመን ሮዲያ የተባለ ጣሊያናዊ ስደተኛ ነበር። ይህ የግንባታ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1954 ለብቻው ብረት እያጎበጠ፣ በሽቦና በሲሚንቶ እየሸፈነ፣ በላዩም የሴራሚክ ስብርባሪ፣ ጠርሙስና ዛጎል እየለጠፈ ማማዎች አቆመ። ረጅሙ 30 ሜትር ያህል ይሆናል። በኋላ ከተማው «አደገኛ ነው፣ ይፍረስ» ሲል ተቆርቋሪዎች ተነሥተው ተሟገቱ። በ1959 ማማው 4,500 ኪሎ ግራም ገደማ በሚሆን ኃይል ተጎትቶ ቢፈተን ንቅንቅ አላለም። እስከ ዛሬም ቆሟል።

እሱ አንድ ሰው ነበር፤ እኛ ግን ብዙ ነን። ከቤት ሥራ የተረፈ ሴራሚክ፣ የተሰበረ ስኒ በየጓሯችን ሞልቷል። ፌሮ የሚያስር፣ ሴራሚክ የሚለጥፍ፣ ቦያካ የሚሞላ ባለሙያም ከመካከላችን አይጠፋም። ልጆችም ስብርባሪውን በየቀለሙ ይለዩ፤ እጅ ስለሚቆርጥ ግን ያለ ጓንት እንዳይነኩት አደራ።

አንድ ነገር እንጨምር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ አይተናል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ከግድግዳው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ዋርካው ከአዳራሹ ጋር አይጣበቅ፤ በክፍል በክፍል ተሠርቶ በብሎን ይታሰር። አዳራሹ የሚነሣበት ቀን ቢመጣ ፈትተን፣ ተሸክመን፣ በምንሄድበት እናቆመዋለን። የተገዛ ቅርጽ ሲፈርስ ማን ይጮኽለታል? የእናቱ ስኒ ያለበትን ግን ማንም ዝም ብሎ አያስፈርስም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ? እንግዲህ እስከ ቀጣዩ ስብሰባ ድረስ ማንም ስብርባሪ አይጣል፤ በማዳበሪያ ከረጢት ይቀመጥ።