የማይከፈት ድምፅ
ስለ ድምፅ ፋይል አለዋወጥ ጥቂት ምክር

ከዚህ ቀደም አንድ ወዳጃችን ወደ ቤቱ ጠርቶን ነበር። በሞት የተለዩት አባቱ በሕይወት ሳሉ ለልጅ ልጆቻቸው የሰጡት ምርቃት በአሮጌ ስልክ ተቀርጾ ኖሮ፥ ስልኩ ሳይበላሽ ፋይሉ ወደ ኮምፒዩተር ተገልብጧል። ኮምፒዩተሩ ግን አልከፍትም አለ። ትልቁ ልጅ የፋይሉን ስም መጨረሻ አጥፍቶ «ኤምፒ3» ብሎ ጻፈበት፤ እንዲያም ሆኖ አልተከፈተም። ስለዚህ ተበላሽቷል ብለው ሊሰርዙት ሲሉ ደረስን።

የልጁ ሐሳብ ከትጋት የመጣ ቢሆንም ስሕተት ነበር። በማር ገንቦ ላይ «ቅቤ» ብሎ መጻፍ ማሩን ቅቤ አያደርገውም። የስሙም መጨረሻ ምልክት ብቻ ነው፤ ድምፁ የተጻፈበት ሥርዐት ያለው ከውስጡ ነው። ያ ፋይል ኤኤምአር በሚባለው ዐይነት የተጻፈ ነበር። ይህ ዐይነት ለስልክ ንግግር ተዘጋጅቶ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 የተንቀሳቃሽ ስልክ መሥፈርት ኾነ። የሙዚቃ ሲዲ ድምፅን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ሲለካ፥ ይህ የሚለካው 8,000 ጊዜ ብቻ ነው፤ ንግግርን ለመረዳት ብዙ የማያስፈልገውንም ይጥላል። ስለዚህ የአንድ ደቂቃ ድምፅ በሲዲ 10 ሜጋባይት ያህል ሲይዝ፥ በኤኤምአር 100 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አስቀድሞ ፋይሉን ሳይነኩ ብዙ ዐይነት በሚያነብ ማጫወቻ መሞከር ይገባል። ቪኤልሲ የሚባለው ፕሮግራም በ1996 በፓሪስ ተማሪዎች የተጀመረ፥ ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው። የወዳጃችንን ፋይል ወዲያው ከፈተው። የሽማግሌው ድምፅ በተሰማ ጊዜ የቤቱ እመቤት በነጠላዋ ዐይኗን ጠረገች፤ እኛም ዝም አልን።

ለዘመድ ለመላክ ወይም በመኪና ለመስማት ኤምፒ3 ቢያስፈልግ፥ በዚያው ፕሮግራም «ሚዲያ» ከሚለው ዝርዝር «ኮንቨርት/ሴቭ» የሚለውን መርጦ መለወጥ ይቻላል። ነገር ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፥ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። እንደ ኤኤምአርና እንደ ኤምፒ3 ያሉት ዐይነቶች ፋይሉን የሚያሳንሱት ከድምፁ እየቀነሱ ነው፤ የተቀነሰውም አይመለስም። ከአንዱ ወደ ሌላው በተለወጠ ቍጥር ጥቂት ይጐድላል። ትንሹን ወደ ትልቅ መለወጥም ቦታ ያስይዛል እንጂ ድምፁን አያጠራውም።

ዋቭና ፍላክ የሚባሉት ግን የተቀበሉትን ሳይጥሉ ይጠብቃሉ፤ ፍላክም ይህን የሚያደርገው ከዋቭ ባነሰ ቦታ ነው። ስለዚህ የቤተ ሰቡን ካሴት ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥ ሰው መጀመሪያ በፍላክ ያስቀምጥ፤ ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒ3 ከዚያ ያውጣ።

ከኹሉ በላይ ግን፥ ከተለወጠ በኋላ ዋናውን ፋይል መሰረዝ አይገባም። ቅጂው ለዛሬ ማዳመጫ ነው፤ ዋናው ግን ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ቅርስ ነው። ወዳጃችንም ምክራችንን ሰምቶ ዋናውን በኹለት ፍላሽ ገለበጠው፤ አንዱን በቤቱ አኖረ፥ ኹለተኛውን ለእኅቱ አደራ ሰጠ። እናንተም በየቤታችሁ «አልከፈት አለ» ተብሎ የተተወ ድምፅ እንዳለ፥ ከመሰረዛችሁ በፊት አንድ ጊዜ እንድትሞክሩት እንለምናችኋለን።