መጋዙ ርካሽ፣ እግሩ ውድ

የእንጨት ነጋዴ ሒሳቡን ሲያወጣ የሚቆጥራቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። የቁም ዛፉ ዋጋ፣ የቆራጭ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የጭነት መኪና፣ በመጨረሻም አጣናው ወይም ግንዱ መርካቶ አጣና ተራ ሲደርስ የሚያወጣው ዋጋ። ከነዚህ ውስጥ «የቆራጭ» ተብሎ የሚያዘው ሒሳብ ብዙም አይታሰብበትም። በዋጋ ተስማምቶ ማለፍ ነው። ይሁንና ከዚሁ መስመር ውስጥ ያልተከፈለ ድርሻ አለ። ያንን ድርሻ የሚሸፍነው የቤንዚን መጋዝ ይዞ ዛፉ ሥር የቆመው ወጣት በእግሩ፣ በዓይኑና በጆሮው ነው። የዛሬው ትኩረታችን በዚሁ በማንም መዝገብ ላይ ባልሰፈረ ወጪ ላይ ነው።

የሞተር መጋዝ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ጀርመናዊው አንድሪያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1926 በኤሌክትሪክ፣ በ1929 ደግሞ በቤንዚን የሚሠራውን ሠርቷል። የስዊድኑ ሁስክቫርና በ1959 የራሱን ይዞ ገበያ ገባ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለት ሰው ካልተጋገዘው የማይነሳው ማሽን ዛሬ ክብደቱ ቀንሶ አንድ ሰው በእጁ አንጠልጥሎት ይሄዳል። ምርታማነት ጨመረ ማለት ነው። አደጋውም አብሮ በአንድ ሰው ላይ ተጠቃለለ።

በአሜሪካ በየዓመቱ ወደ 36,000 የሚጠጋ ሰው በሞተር መጋዝ ቆስሎ ድንገተኛ ሕክምና እንደሚያገኝ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ገልጿል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2022 ከ100,000 የዛፍ ቆረጣ ሠራተኞች 100 ያህሉ በሥራ ላይ ሞተዋል። የሁሉም ሥራ አማካይ ግን ከ4 በታች ነበር። ይህ እንግዲህ ሕጉም፣ መከላከያ ልብሱም፣ ተቆጣጣሪውም ባለበት አገር ነው።

አደጋው እንዴት ይደርሳል? ዋነኛው የመጋዙ ርግጫ ነው። ሰንሰለቱ በሙሉ ኃይል ሲዞር በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ፣ ማለትም በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ጫፍ፣ በተለይ የጫፉ የላይኛው ክፍል ግንድ ወይም ቅርንጫፍ ከነካ፣ መጋዙ ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን እንደ በቅሎ ተራግጦ ወደ ፊትና ወደ አንገት ይመለሳል። ጉልበት አይመልሰውም። የሚያድነው በጫፉ አለመቁረጥ፣ የፊተኛውን እጀታ በግራ እጅ አውራ ጣትን ጠምጥሞ መያዝ፣ መጋዙን ከትከሻ በላይ አለማንሳትና የሰንሰለቱ ፍሬን መሥራቱ ነው።

ገዢ እንግዲህ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሦስት ነገር ይፈትሽ። አንደኛ፣ ሞተሩ ያለ ነዳጅ መስጫ በዝግታ ሲሠራ ሰንሰለቱ መቆም አለበት። ሁለተኛ፣ ነዳጅ መስጫው የኋላ እጀታው ላይ ያለው መቆለፊያ ሳይጨበጥ መንቀሳቀስ የለበትም። ሦስተኛ፣ መጋዙን መሬት ላይ አስደግፎ ነዳጅ ሰጥቶ የፊት መከላከያውን ወደ ፊት ቢገፋው ሰንሰለቱ ወዲያው ቀጥ ማለት ይኖርበታል። ሻጩ ይህን ለማሳየት ካንገራገረ፣ ዕቃው የታወቀ ስም የተለጠፈበት ቢሆንም እንኳ ሌላ ሱቅ መሄዱ ይመረጣል። ስም መለጠፍ ቀላል ነው፤ ፍሬን መሥራት ግን ገንዘብ ያስወጣል።

ነዳጁም የራሱ ሒሳብ አለው። ሞተሩ የሁለት ምት በመሆኑ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል። አምራቹ 50 ለ1 ካለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ለሁለት ምት ሞተር የተሠራ ዘይት ነው። በግምት የቀላቀለ ፒስተኑን ያቃጥላል። ነዳጅ የሚሞላው ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሲሆን፣ የሚነሳው ከተሞላበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ነው። ሲነሳም መጋዙን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ፍሬኑን ይዞ፣ የኋላ እጀታውን በቀኝ እግር ረግጦ እንጂ በአየር ላይ አንጠልጥሎ መሳብ ጭኑን ለሰንሰለቱ ማቅረብ ነው። የደነዘዘ ሰንሰለትም ቆራጩ በጉልበት እንዲጫን ያስገድደዋልና ሞረድ ከወጪ ሳይሆን ከትርፍ ይቆጠር።

ዛፍ ሲጣል ደግሞ ሌላው ሰው ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ይርቃል። 20 ሜትር ባህር ዛፍ ከሆነ 40 ሜትር መሆኑ ነው። ቆራጩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዛፉ ከሚወድቅበት በተቃራኒ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ የሚሸሽበትን መንገድ ይመነጥራል። በመጀመሪያ በሚወድቅበት በኩል ከግንዱ ውፍረት እስከ ሩብ የሚደርስ ጎድጓዳ ያወጣል፤ ቀጥሎ ከኋላው ይቆርጣል። በመካከሉ ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ ያህል ሳይቆረጥ ይተዋል። ይህ እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን የሚመራው ነውና እሱን የበጠሰ ሰው ዛፉን ለነፋስ አስረከበ ማለት ነው። ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ የቀረ ዛፍ ሥር መግባትማ ከሁሉ የከፋው ነው።

ልብሱን በተመለከተ፣ ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሠራው ሱሪ በውስጡ የተደራረበ ክር አለው። ሰንሰለቱ ሲነካው ክሩ ተመዞ ማሽኑን ያንቃል። የራስ ቁር፣ የፊት መከለያ፣ ጠንካራ ቡትስና ጓንትም አሉ። የጆሮ መከለያ ቅንጦት የሚመስለው ካለ፣ የመጋዙ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንደሚያልፍና ለዚህን ያህል ድምፅ የሚመከረው ጊዜ በቀን 15 ደቂቃ ብቻ እንደሆነ ይወቅ።

ታዲያ ይህ ሁሉ እየታወቀ ለምን አይደረግም? መልሱ በአከፋፈሉ ውስጥ ነው። ቆራጭ የሚከፈለው በዛፍ ቁጥር ከሆነ፣ መሸሻ መንገድ ለመመንጠር ያጠፋት እያንዳንዷ ደቂቃ ከኪሱ ትወጣለች። ጥንቃቄ ሠራተኛውን የሚያከስር፣ ችኮላ ግን የሚያተርፍ ሆነ ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ መሣሪያና ሥልጠና የማቅረቡን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ሠራተኛው ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተውና ጉዳቱ በመድን ያልተሸፈነ ከሆነ፣ ካሣው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። ለምሳሌ ያህል በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ቢሆን 360,000 ብር ይደርሳል። ብልጡ አሠሪ ታዲያ ቆራጩን «ኮንትራት ወሳጅ» ብሎ ይሰይመውና ከዚህ ያመለጠ ይመስለዋል። ቆራጩ በአሠሪው ትእዛዝና ቁጥጥር ሥር እየሠራ ከተገኘ ግን ፍርድ ቤት ሥራውን እንጂ ስሙን ላያይ ይችላል።

በእኔ አስተያየት መፍትሔው ከገበያው ሊመጣ ይችላል። አስመጪዎች መጋዙንና መከላከያ ልብሱን በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ደረሰኝ ይሽጡ። አከራዮች ያለ ልብስ አያከራዩ። የደን ባለሀብቶች በዛፍ ቁጥር ከመክፈል ይልቅ በቀን ሒሳብ ይዋዋሉ፤ ካልሆነም የዝግጅቱን ጊዜ ለብቻው ይክፈሉ። ደላሎችም ቆራጭ ሲያገናኙ የኮሚሽናቸውን ያህል ሰውየው ሥራውን መማሩን ይጠይቁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ።

ይህ ሁሉ በግንድ ላይ ጥቂት ብር ይጨምር ይሆናል። ይጨምር። ያ ብር ዛሬም እየተከፈለ ነው። ልዩነቱ የሚከፍለው አጣናውን የሸጠውና የገዛው ሳይሆን፣ ከሁለቱም ያነሰ ገቢ ያለው ቆራጭ መሆኑ ነው። ዕዳን ወደ ደካማው የሚያዛውር ዋጋ ርካሽ ሊባል አይገባውም።