ዝላዩን የወደደ አርጩሜውን አይጠይቅም ያለው ማነው?

ማክሰኞ የአልዱባ ገበያ ቀን ነው። በደቡብ ኦሞ፣ በበና ፀማይ ወረዳ የምትገኘው ይህች ትንሽ ከተማ በዕለቱ ከየመንደሩ በሚመጡ በናዎች ትሞላለች። ጨሌ ባንጠለጠሉትና ቆዳ በለበሱት መሀል የእንግሊዝ ክለብ ማሊያ ያጠለቀ ጎረምሳ ማየትም ብርቅ አይደለም። ኳስ ያልደረሰችበት የት አለ?

የአዲስ አበባ የስፖርት አፍቃሪ የዚህን አካባቢ ፎቶግራፍ ሲያይ ቶሎ የሚመጣለት ጥያቄ አለ። «እነዚህ ሰዎች ከአባቶቻቸው የወረሱትን መቼ ነው ቆም ብለው የሚጠይቁት?» ይላል። ጥያቄው ባልከፋ። ግን ወደ ራሱ ወደ ጠያቂው ሲዞርስ? ካታንጋ ቁጭ ብሎ «ፌዴሬሽኑ ምን እየሠራ ነው?» ያለውን ሰው «አገርህን አትወድም እንዴ?» ብሎ አፉን የሚያስይዘው ማነው? ያው የከተማው ደጋፊ ነው።

በበናና በሐመር ባህል ጎረምሳ ለጋብቻ ደረሰ የሚባለው በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ሳይወድቅ ሮጦ ሲሻገር ነው። በዚያ ቀን ዘመዶቹ የሆኑ ሴቶች በአርጩሜ ይገረፋሉ። ተገደው አይደለም፤ ብዙዎቹ ግረፉን ብለው ለምነው ነው። ጠባሳው የፍቅራቸው ምስክር ነው፤ ነገ ሲቸግራቸው ዘላዩ የማይረሳው ውለታም ነው። ታዲያ አንዲት የአልዱባ ልጅ ፊደል ቆጥራ ተመልሳ «ወንድሜ ይዝለል፣ እኔ ግን አልገረፍም» ብትል በናነቷ ይሰረዛል? አይሰረዝም። ዝላዩም አይቀርም። ዝላዩን መውደድና አርጩሜውን መጠየቅ አብረው ይሄዳሉ።

ይሄ ምኞት ብቻ አይደለም። እዚያው ደቡብ ኦሞ ውስጥ፣ ከኦሞ ወንዝ ዳር የሚኖሩት ካሮዎች «ሚንጊ» የሚባል ልማድ ነበራቸው። የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን ወይም መንታ ሆኖ የተወለደ መዓት ያመጣል ተብሎ ይገደል ነበር። ከራሳቸው ከካሮዎች የወጡ ወጣቶች «ይሄ ነገር ይብቃ» ብለው ሽማግሌዎቻቸውን ወተወቱ። ሽማግሌዎቹም በሐምሌ 2004 ዓ.ም ሚንጊ ቀርቷል ብለው አወጁ። ካሮ ካሮነቱን አጣ? የለም! ልጆቹን አተረፈ እንጂ።

አሁን ወደ ኳሱ እንምጣ ከተባለ፣ የኢትዮጵያ እግር ኳስም የራሱ የማይነኩ ነገሮች አሉት። አንደኛው የ1954ቱ ዋንጫ ነው። ዋንጫው እውነት ነው፤ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 መርታት ቀልድ አይደለም። ችግሩ ዋንጫው ለዛሬው ሽንፈት መሸፈኛ ጋቢ ሲሆን ነው። ቡድኑን የሚተች ሁሉ «ባንዳ» ሲባል ደግሞ አንድ ነገር ይረሳል። ያንን ዋንጫ ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። አስመራ የተወለደ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያን። ወራሪው ከአገር ከወጣ ገና 21 ዓመቱ ነበር! አገር ወዳድነት በስምና በአባት ቢለካ ኖሮ ዋንጫውን ማን ያነሳው ነበር? ያው አምበል በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ተሰደደ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም ጣሊያን ውስጥ አረፈ። የጀግና ውለታ እንዲህ ነው የሚከፈለው ወይ ብሎ መጠየቅም ነውር ሊሆን ነው?

ሁለተኛው የማይነካ ነገር ፌዴሬሽኑ ነው። በሐምሌ 2000 ዓ.ም በአመራር ውዝግብ ሳቢያ ፊፋ ኢትዮጵያን አገደ። ቡድኑም ከ2010 (እ.ኤ.አ) የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ውጪ ተደረገ። ተጫዋቾቹ ምን አጠፉ? ምንም! ወንበር የተጣሉት ሌሎች፣ ኳስ የተከለከሉት ሌሎች።

በሰኔ 2005 ዓ.ም ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ሲረቱ ከተማው በደስታ ሰከረ። በዚያው ዕለት የፊፋ መርዶ ደረሰ። በቢጫ ካርድ ቅጣት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች በቦትስዋናው ጨዋታ ተሰልፏል። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ፣ 3 ነጥብ ተቀነሰ። ሁለት ቢጫ መቁጠር ያቃተው ቢሮ ነው ልጆቹ በላብ ያመጡትን የወሰደው። ቡድኑ እንደ ምንም ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ ከናይጄሪያ ጋር መጫወቱ የተጫዋቾቹ ወኔ ነው፤ ቢሮውን አያመሰግንም።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ደግሞ ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ቀጡ። «በሜዳቸው» ነው የተባለው። ሜዳው ግን የት ነበር? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ! አገር ውስጥ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አልነበረማ። ካፍን በ1949 ዓ.ም ከመሠረቱት አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይድነቃቸው ተሰማ ካፍን ከ1964 ዓ.ም እስከ ሕልፈታቸው እስከ 1979 ዓ.ም መርተዋል። የዚህ ታሪክ ወራሽ አገር ግብፅን ስትረታ ሕዝቧ በቴሌቪዥን ማየቱ ካላናደደ ምን ሊያናድድ ነው?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ጊዮርጊስን ወይም ቡናን ከአባቱ የወረሰ ደጋፊ ክለቡን ይዞ ይቀጥል። ውርስ ጥሩ ነው፤ ማሊያውም ደስ ይላል። ነገር ግን ማሊያ ለብሶ መጨፈር አንድ ነገር ነው፣ በማሊያው የሚነግደውን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ሌላ ነገር ነው። ነጥብ ሲቀነስ ማን ተጠየቀ? ቡድኑ አገር ለአገር ሲንከራተት ወጪው ስንት ሆነ? ጠቅላላ ጉባኤው እጁን የሚያወጣው ለኳሱ ነው ወይስ ለወዳጁ? እነዚህን የሚጠይቅ ደጋፊ ቡድኑን ከሚያጨበጭብለት አያንስም። እንዲያውም ይበልጣል፤ ማጨብጨብ መዳፍ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የካሮ ሽማግሌ የልጁን ጥያቄ ሰምቶ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ልማድ ትቷል። ለአራት ዓመት የተመረጠ የፌዴሬሽን ሰው ሲጠየቅ የሚቆጣው ወንበሩን ከማን ወርሶት ነው?