ስኩተሩ አዲስ ነው፤ ባትሪውስ?

አዲስ የኤሌክትሪክ ስኩተር ለመግዛት ያሰበ ሰው ሻጩን ከማነጋገሩ በፊት ሁለት ዓመት የኤሌክትሪክ ሞተር የነዳ ሰው ያማክር። ሻጩ የሚያወራው ስለ ስክሪኑ፣ ስለ መብራቱና "አንዴ ቻርጅ ከተደረገ 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል" ስለሚባለው ተአምር ነው። ሞተረኛው ግን መቀመጫውን ከፍቶ ባትሪውን ያያል። ስንት ቮልት ነው? ሊድ አሲድ ነው ወይስ ሊቲየም? ተነቅሎ ይወጣል? ሲሞት ማን ይተካዋል? በስንት ብር?

ስኩተሩ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ሞተር የለመደ ሰው ጥሩ ጎኑን ወዲያው ያገኘዋል። ዝቅ ያለ ነው፤ ቀሚስ ለለበሰም ሆነ ዕቃ ለያዘ ይመቻል። ጎማው ትንሽ በመሆኑ ጉድጓድ ላይ ያንገጫግጫል እንጂ ለከተማ የሚሆን ነው። የነዳጅ ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ አየር ሲሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ይህ ችግር የለበትም። ክርክሩ ከቴክኖሎጂው ጋር አይደለም፤ ተደብቆ ከሚሸጠው ነገር ጋር ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው ለሚል ሰው ሒሳቡ ቀላል ነው። 72 ቮልትና 20 አምፒር-ሰዓት የሆነ ባትሪ የሚይዘው 1,440 ዋት-ሰዓት ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው። ነጂውን፣ ስኩተሩንና ዕቃውን ጨምሮ 200 ኪሎ የሚሆን ጭነት እነዚያን 700 ሜትሮች ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 380 ዋት-ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ነፋሱ፣ የጎማው ሰበቃና በሞተሩ ውስጥ የሚባክነው ሳይቆጠር ከባትሪው ሩብ በላይ ዳገቱ ላይ ቀረ ማለት ነው። በሜዳማ መንገድ፣ በዝግታ፣ ያለ ጭነት የተለካ ቁጥር ለሽሮሜዳ ዳገት ምን ይፈይዳል?

የባትሪው ዓይነት ደግሞ ከዚህም የከፋ ልዩነት አለው። ሊድ አሲድ በየቀኑ እስከ ሥሩ እየተሟጠጠ ከተሠራበት ከ300 እስከ 500 ቻርጅ ገደማ ነው ዕድሜው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው 2,000 እና ከዚያ በላይ ሊሰጥ ይችላል። በክብደትም አይገናኙም፤ ከላይ በተጠቀሰው መጠን የሊድ አሲዱ 40 ኪሎ ገደማ ነው፣ የሊቲየሙ ከሲሶው ብዙም አይበልጥም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው 40 ኪሎ ተሸክሞ ደረጃ ሊወጣ ነው? ማስታወቂያው ላይ ግን ሁለቱም "ኃይለኛ ባትሪ" ናቸው።

የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። እቁብ ገብቶ ስኩተር ገዝቶ ዕቃ እያደረሰ የሚኖር ወጣት በየቀኑ ቻርጅ ያደርጋል። ሊድ አሲድ ከሆነ እቁቡን ከፍሎ ሳይጨርስ ባትሪው ያልቅበታል። ባትሪ ደግሞ ከስኩተሩ ዕቃዎች ሁሉ ውዱ ነው።

"ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል" የሚሉ አሉ። ሌላው ዓለም ግን እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። ታይዋን ውስጥ ጎጎሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ባለቤቱ ያለቀውን ባትሪ ጣቢያ ላይ በሞላ የሚለውጥበትን አሠራር ጀመረ፤ ተፎካካሪው ያማሃ ሳይቀር በዚያው ባትሪ የሚሠራ ስኩተር አወጣ። ጃፓን ውስጥ ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪና ካዋሳኪ በ2021 በሚለዋወጥ ባትሪ የጋራ ደረጃ ላይ ተስማሙ። ሕንድ በ2022 ስኩተሮች በተደጋጋሚ በእሳት ሲያያዙ የባትሪ ፍተሻ ደንቧን አጠበቀች።

እዚህስ? የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ ያስታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡን ወደ ኤሌክትሪክ የሚገፋ መንግሥት የተገፋው ሰው እንዳይታለል የመጠበቅ ግዴታም አለበት። አዲስ ሕግ እስኪረቀቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደንግጓል።

የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ስኩተር ላይ የባትሪው ዓይነት፣ ዋት-ሰዓቱና የተመረተበት ዓመት በአማርኛ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ዋስትናው ባትሪውን በጽሑፍ ያካትት፤ "ሞተሩ ዋስትና አለው፣ ባትሪው ግን አይመለከተንም" የሚለው ቀልድ ይብቃ። ሦስተኛ፣ ምትክ ባትሪ ለማቅረብ ግዴታ ያልገባ አስመጪ ስኩተር አያስገባ።

"ዋጋ ይጨምራል" ለሚሉ መልሱ አጭር ነው፦ እውነቱን ወረቀት ላይ ጽፎ መለጠፍ ስንት ብር ያስወጣል? ዛሬ ርካሽ የሚመስለው ስኩተር ባትሪው የሞተ ቀን እውነተኛ ዋጋውን ያሳያል። ያን ቀን የሚከፍለው አስመጪው አይደለም፣ ሞተረኛው ነው።