ዮናስ ምን ብሎ መለሰ?

ብሉይ ኪዳንን እንደ ሥነ ጽሑፍ ማንበብ ቃሉን ተረት ያደርገዋል የሚሉ ጓደኞች አሉ። እኔ አልስማማም። የጎንደር መምህራንስ «አንድም» እያሉ አንዱን ንባብ በብዙ መንገድ ሲፈቱ ኖረው የለም እንዴ?

በጾመ ነነዌ የሚታሰበውን ዮናስን እንይ፤ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው። ዓሣ አንበሪውን ሁላችንም እናውቃለን። መጨረሻውንስ ማን ልብ አለ? ነነዌ እኮ የእስራኤል ጠላት የአሦር ከተማ ናት። ዮናስ እሷ በመዳኗ ተቆጣ፤ ያጠለለችው ቅል ስትደርቅ ግን አዘነ። ለአንዲት ቅል እንዲህ ካዘንክ፣ እኔ ከ120 ሺህ ለሚበልጥ ሰውና ለእንስሳቱ አላዝንም ወይ ተባለ። መጽሐፉ እዚያው ላይ አለቀ። የዮናስ መልስ የለም!

ጸሐፊው ረስቶት ነው? አይመስለኝም። መልሱን ለአንባቢው ትቶታል። ደመኛ ማለት ምን እንደሆነ የሳንጃ ልጅ ያውቀዋል፤ ታዲያ ደመኛህ ምሕረት ቢያገኝ ደስ ይልሃል ወይ?