ለወላጆች፤ ሰባት ጊዜ ስምንት በፊደል ገበታ ላይ

ባለፈው ቅዳሜ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ከምትኖር ጎረቤቴ ቤት ቡና ልጠጣ ገብቼ ነበር። አራተኛ ክፍል የደረሰው ልጅዋ ሱቅ ሂድ ሲባል ይጠፋል። ምክንያቱን የነገረችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ማባዛት ስላልሆነለት ሒሳብ መቀበል ያስፈራዋል፤ እኩዮቹም «ደንቆሮ» ይሉት ጀምረዋል።

«ደብተሩ ጀርባ ያለውን ሰንጠረዥ ማታ በቃሉ ይወጣዋል፤ ሲነጋ የለም። ምን ላድርገው፥ ጋሼ?» አለችኝ።

ልጁን ጠርቼ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ብለው ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ግድግዳው ላይ ግን ለታናሽ እኅቱ የተለጠፈ የፊደል ገበታ ነበርና «እስቲ ከሀ እስከ ሸ ስንት መስመር ነው?» አልሁት። ቆጥሮ ስምንት አለ። በየመስመሩስ? ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት። ከሸ በታች ያለውን በጋዜጣ ሸፈንነው። እንግዲህ ከፊቱ የቀረው ሰባት ጊዜ ስምንት መሆኑ ነው። አንድ በአንድ ሊቆጥር ጣቱን ሲያነሣ ከለከልሁትና እስከ ሠ ያለውን አምስት መስመር ጠየቅሁት፤ 35። የረ፥ የሰና የሸ ሦስት መስመር 21። «56!» ብሎ ሲጮኽ እናቱ ጀበናውን እንደ ያዘች ዞረች።

ከዚያ ወዲያ ጠያቂው እርሱ ሆነ። ጋዜጣውን ከበ በታች ቢያወርደው ዐሥር መስመር፥ 70፤ የበን መስመር መልሶ ሲሸፍን ዘጠኝ ጊዜ ሰባት፥ 63። ሳብዑን በመዳፉ ሲከልል ደግሞ ዘጠኝ ጊዜ ስድስት፥ 54 ሆነለት። ገበታው በሙሉ 33 ጊዜ ሰባት፥ 231 መሆኑን ለሌላ ቀን አቆየነው።

ይህን ስናገር «የእኔም ልጅ በዓይኑ ነው የሚማር፤ በጆሮው አይደለም» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። እኔ ግን ልጆችን እንዲህ መከፋፈሉን አልወደውም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ ጥናቶቹን መርምረው፥ ልጅን በዓይን ወይም በጆሮ የሚማር ብሎ ለይቶ በዚያው መንገድ ማስተማር እንደሚጠቅም በቂ ማስረጃ እንዳላገኙ ጽፈዋል። መደርደሩ የሚረዳው ሁሉንም ነው፤ በቃሉ የሚወጣውም ልጅ ድንገት ሲጠፋው ከአምስት መስመር ተነሥቶ የሚመለስበት መንገድ ያሻዋል። የቃል ጥናቱም አይቅር። የየኔታ ተማሪ ፊደሉን በስንደዶ እየነካ፥ በዓይኑ እያየ፥ በአፉ እየጮኸ አልነበረምን?

ገበታ ከሌለ ዕንቁላል የሚደረደርበት ካርቶን ይበቃል። 5 በ6 ተደርድሮ 30 ይይዛል፤ ቢያዞሩት 6 በ5 ይሆናል፥ ዕንቁላሉ ግን አይጨምርም አይቀንስም። ይህን ያየ ልጅ ከሰንጠረዡ የሚያጠናው እኩሌታውን ያህል ብቻ ነው።

ልሰናበት ስነሣ እናቱ ስኳር እንዲያመጣ ብር ሰጠችው። ዝም ብሎ ተቀበለ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ገበታውን አንድ ጊዜ አየና ወጣ።