ዕውቀት ብቻውን የማይጠብቀው ልቡና

ስለ ሰው ጠባይና ስለ ዘመናችን መሣሪያዎች የተመራመሩ ሊቃውንት የተናገሩትንና የጻፉትን አሰባስቦ ለሚመረምር ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስደንቀው የመሣሪያው መርቀቅ ሳይሆን፣ ምሥጢሩን ከማንም ይልቅ ጠንቅቀው የሚያውቁት ሰዎች ከማያውቀው ባልተናነሰ መማረካቸው ነው። «ሕዝቡ ቢማር፣ ወጣቱ ቢነቃ፣ ነገሩ ሁሉ ይስተካከላል» የሚለው ዘወትር የምንሰማው ምክር በመልካም አሳብ የተሰጠ ቢሆንም፣ የሊቃውንቱ ምስክርነት ግን ወደ ሌላ መንገድ ይመራናል፤ ልቡናን ከመበተን የሚጠብቀው ሥርዓት ነውና፣ ሥርዓትም በማኅበር እንጂ በአንድ ሰው ቁርጥ ፈቃድ ብቻ አይጸናም።

በ1923 እ.ኤ.አ. በበርሊን ተወልደው፣ ከናዚዎች ክፋት ሸሽተው በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ጆሴፍ ዋይዘንባውም፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠሩ፣ በ1966 ኤሊዛ የተባለችውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ለዓለም አስተዋወቁ። ኤሊዛ አንዳች የምታስተውለው ነገር አልነበራትም፤ ሰው ከጻፈላት ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ቁልፍ ቃል ፈልጋ፣ የርሱኑ አነጋገር ገልብጣ፣ በጥያቄ መልክ ትመልስለት ነበር፤ ስለ እናቱ ቢያነሣባት ስለ ቤተሰቡ እንዲያጫውታት ትጠይቀዋለች። ይህ ዘዴ የተመረጠውም፣ የካርል ሮጀርስን ፈለግ የሚከተሉ የነፍስ ሐኪሞች ታማሚው ያለውን መልሰው ለራሱ በማሰማት ስለሚያነጋግሩ፣ ማሽኒቱ ስለ ዓለም ምንም ሳታውቅ ጨዋታው እንዲቀጥል ስለሚያስችል ነው። ታዲያ ፕሮግራሙ ቁራጭ በቁራጭ ሲሠራ ለወራት በዓይኗ ያየችው፣ ባዶነቱንም ከማንም በላይ ልታውቅ የሚገባት የሰውየው ጸሐፊ፣ ከማሽኒቱ ጋር ጥቂት እንደ ተጻጻፈች፣ ዋይዘንባውም ክፍሉን ለቅቀው እንዲወጡላት ጠየቀቻቸው። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሥቷቸው ይሁን ወይም የተሰደዱበትን ዘመን አስታውሷቸው እንጃ፣ ሰውየው በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ለማሽን ፈጽሞ ሊሰጡ የማይገባቸው የሰው ልጅ ሥራዎች አሉ ሲሉ ከገዛ ባልንጀሮቻቸው ጋር ተከራከሩ። ብዙዎች የኤሊዛን ታሪክ የማሽን ብልሃት መጀመሪያ አድርገው ይተርኩታል፤ እኔ ግን የሰሚ ረኃብ ታሪክ ሆኖ ይታየኛል።

የሰው አእምሮ በምን በምን እንደሚስት ዕድሜያቸውን ሙሉ የመረመሩት፣ በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ዳንኤል ካነማንም፣ በ2011 ባወጡት መጽሐፍ፣ ያ ሁሉ ጥናት የራሳቸውን የችኮላ ፍርድ እምብዛም እንዳላቀናላቸው ያለ ሐፍረት መስክረዋል። ሊቁ ራሱ በዕውቀቱ ካልዳነ፣ የተማሪ ቤት ልጅ በአንድ ሰዓት ስብከት ይድናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ይመስለኛል።

በሌላው ወገን ያሉት መሣሪያ ሠሪዎች ግን ይህንኑ የሰውን ድካም የሚመለከት ዕውቀት በሥራ ላይ ለማዋል አልዘገዩም። የሥነ ልቡና ተመራማሪዎቹ ስኪነርና ፈርስተር በ1957 ባሳተሙት ጥናታቸው፣ እህል መቼ እንደሚወድቅላት የማታውቅ እርግብ፣ በተቆጠረ ልክ ከምትመገበው ይልቅ ሳትታክት እህሉን የሚያወርደውን ቁልፍ እንደምትጠቁም፣ እህሉ ከተቋረጠም በኋላ ቶሎ እንደማትተው አሳይተው ነበር። በስልካችን ላይ ማን እንደወደደን፣ ምን እንደመጣልን ለማየት ጣታችንን የምናንቀሳቅሰው በዚሁ ባልታወቀ ተስፋ ነው። በ1998 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቢ. ጄ. ፎግ ማሽን ሰውን እንዴት ሊያግባባ እንደሚችል የሚመረምር ቤተ ሙከራ አቋቋሙ፤ ከኢንስታግራም መሥራቾች አንዱ ማይክ ክሪገርም ከፎግ ተማሪዎች ወገን ነበር። ፎግ ገና ከጅምሩ ስለ ሥነ ምግባሩ ጽፈዋልና በደሉን በርሳቸው ላይ ብቻ መጫን ግፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ጥበቡን የገዛው ገበያ ምክሩን አብሮ አልገዛም።

«ማንም አላስገደደህም፤ ስልክህን ዝጋው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ለዚህ ክርክር የተሻለ መልስ የማገኘው፣ የማሽኑን ወሬ ከማያውቁት ከመጻሕፍተ መነኮሳት ነው። ከማር ይስሐቅና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር ሊቃውንቶቻችን የሚተረጉሙት ፊልክስዩስ፣ ወንድሞች ሲጠይቁ አረጋውያን ሲመልሱ፣ በተስእሎና በአውሥኦ መልክ የተጻፈ ነው፤ ብሕትውናን የመረጠ ሰው እንኳ የሚዋጉትን አሳቦች ለብቻው ሊረታ እንደማይችል የሚያውቁ አባቶች፣ የጸሎት ሰዓት፣ የዝምታ ጊዜ፣ የሚታዘዙት አበ ምኔት ደነገጉ። ፈቃዳቸው ደካማ ስለ ነበረ ነው የሚል ካለ፣ የበረሃን ኑሮ ቀምሶ ይፍረድ።

ሥርዓት ስል ግን ገመድ መቁረጥን ማለቴ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. በአገራችን ለብሔራዊ ፈተና ሲባል ኢንተርኔት በተዘጋ ጊዜ፣ ጥቂት ሌቦችን ለመከልከል የመላው ሕዝብ ሥራ ተጓጎለ፤ ይህ የልቡና ጥበቃ ሳይሆን የበር መዝጋት ነው። ፈረንሳይ በ2018 እ.ኤ.አ. እስከ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ባሉት ትምህርት ቤቶቿ ተማሪዎች በስልክ እንዳይጠቀሙ ስትደነግግ ግን፣ አንዱ ልጅ ብቻውን ከባልንጀሮቹ ወሬ ተለይቶ እንዳይቀር ሁሉንም በአንድነት አሳረፈቻቸው፤ ለአንዱ ቅጣት የሚሆነው ለሁሉ ሲሆን ዕረፍት ነውና።

የሥርዓቱ ሚዛን ምን ይሁን ለሚለው፣ ኸርበርት ሳይመን በ1971 የጻፉት ይበቃኛል። የመረጃ መብዛት የልብ ማስተዋልን እንደሚያደኸይ ያሳዩት እኚህ ሊቅ፣ አንድ መሣሪያ የሰውን ሸክም የሚያቃልለው ከሚናገረው ይልቅ የሚሰማውና የሚያስበው ሲበልጥ ብቻ ነው ብለው ነበር። በዚህ ሚዛን ቢመዘን፣ መልእክቶቻችንን ለይቶ የማያስፈልገንን የሚያስቀር ፕሮግራም ሲያልፍ፣ ሌሊት በደወል የሚቀሰቅሰን ሁሉ ይወድቃል፤ ሚዛኑን ይዞ የሚመዝነው ደግሞ ባለ ስልኩ ብቻውን ሳይሆን፣ ሠሪው፣ አስተማሪውና ሕግ አውጪው አብረው ሊሆኑ ይገባል።